በኛ የሚጀምር ስም

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አንድ ኮንቴነር አለች፣
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ደንግጣ የምትነቃ።
ሰማያዊ ነበረች፤ ዛሬ ዝገት ናት ግማሿ፤
«ሰነድ ዝግጅት፣ ትርጉም፣ ፎቶ ኮፒ» ይላል ራሷ።
እዚህ ነው የምቀመጠው። ሥራዬ ሰው ማሻገር፣
ከአንዱ ሬጅስትራር ወደ አንዱ፣ ከማኅተም ወደ ማኅተም አገር።

ማክሰኞ ረፋድ ገባች፣ ከበሬ ጎንበስ ብላ፣
የሦስት ዓመት ትምህርቷን በፌስታል አንጠልጥላ።
ከማላካል ነው አመጣጧ፤ ኪጋሊ ነው የምትሄደው፤
«እስከ ዓርብ ካልደረሰ ቦታዬን ሌላ ሰው ወሰደው።»

ዘረገፍነው።
የኮርስ ዝርዝር፣ የውጤት መግለጫ፣ የጠባይ ደብዳቤ፤
ክሊራንሱ ላይ አሥራ አንድ ፊርማ፤ አሥሩ ሞልቶ አንዱ ጎደለ፣
የዶርሚ ኃላፊው «ፍራሽ አልመለሰችም» እያለ።
«ፍራሹን አይጥ በላው፣» አለች። «ንብረቱ በእርጅና ምክንያት
ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል» ብዬ በመንግሥት ቋንቋ ጻፍኩላት።

ቀጥሎ ጳጉሜን መጣ።
የአንዱ ፈተና ውጤት፣ ጳጉሜን ሦስት ይላል ቀኑ፤
የኪጋሊው ቅጽ ግን እስከ አሥራ ሁለት ነው ማመኑ።
አሥራ ሦስት ብዬ ብሞላ ቀይ መስመር አሰመረብኝ፤
ዕድሜዬን የኖርኩበትን ወር «የለም» ብሎ ተከራከረኝ።
ሴፕቴምበር ስምንት አልኩት፣ ስምንት ዓመትም ጨመርኩበት፤
ልጅቱን አጠገቤ እንደ ቆመች በአንድ ጣት አስረጀኋት።

ከሁሉ የባሰው ስሟ።
መታወቂያዋ «ኒያርዋች»፣ ውጤቷ «ንያሩአች» ይላል፤
ደረሰኟ ላይ ያለው ጭራሽ ሌላ ሰው ይመስላል።
«ማናቸው ነሽ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀርቶ፤
«ኛሩዋች፣» አለች፣ ድምፁ ከላንቃዋ ወጥቶ።
«‹ኛ› እኛ ጋ ልጅት ማለት ነው።»

ሰማሁት ያኔ ፊደሉን።
እኛ ሁልጊዜ ከኋላ የምንሰፋውን፦ ስደተኛ፣
ጥገኛ፣ መንገደኛ፣ ከወረፋው ሠላሳኛ፣
(ጓደኛም አለ ለነገሩ፤ እሱን ዘግይቼ ነው ያስታወስኩት)
ከሰው ጀርባ የምንለጥፈውን ጭራ፤
እናቷ ከፊት አድርጋው ኖሯል ልጇን ስትጠራ።
ስሟ በኛ ይጀምራል።
ሦስት ጊዜም የተሳተው በኛ።

ጻፍኩ፦ «ከላይ በሦስት ዓይነት የተጠቀሱት ግለሰብ
አንድ ሰው መሆናቸውን...» ከትከሻዬ በላይ ስታነብ
ሳቋ አመለጣት። «አንድ መሆኔን ማን ነው የሚፈርመው?»
መልስ ሳልሰጣት መብራት ሄደ።
ገጹ ከፕሪንተሩ ግማሹ ወጥቶ ቀረ፤
ፎቶዋ እስከ ቅንድቧ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ።

ጠበቅን። የጎረቤት ወፍጮም ዝም አለ።
ከፌስታሉ ሥር አንድ ፖስታ አወጣች፣ የታሸገ፣
መክደኛው ላይ ማኅተም፣ «ተማሪው ከከፈተው ዋጋ የለውም» የሚል።
ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፣
እንቁላል እንደሚመረምር ነጋዴ።
«ስለ እኔ ተጽፎ፣» አለች፣ «ለእኔ ብቻ የተከለከለ።»

እኔም አልነገርኳት፦
ከአጥሩ ማዶ የኔም ፋይል አለ፣
ሁለተኛ ዓመት ላይ የቆመ።
ክሊራንስ አልጠየቅሁም። ፍራሼም የት እንደደረሰ እንጃ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ፕሪንተሩ አጉረመረመ፤
የቀረው ፊቷ ቀስ ብሎ፣ ከዓይኗ ወደ አገጯ ታተመ።
ሁለት መቶ አርባ ብር። ሃያውን ተውኩላት። ባጃጅ ጠራች፤
ፌስታሏን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በአቧራው መሐል ተሰወረች።

ፎቶ የሚታተመው አራት አራት ነው፤
ኪጋሊ የጠየቀው ሦስት።
አራተኛዋ ከጠረጴዛዬ መስታወት ሥር ገባች፣
ከጅቡቲው ልጅ አጠገብ፣ ከሁለቱ የሐርጌሳ እኅትማማቾች ግርጌ።
ከማስገባቴ በፊት ግን ገለበጥኳት፤
ማሽኑን አጥፍቼ፣ በእስክሪብቶ፣ ሳልቸኩል፣
ከጀርባዋ ጻፍኩ፣ መጀመሪያ፣
ኛ።